የወዳጅ ሥራ እንዴት ይገመገማል?
(ተጫዋቾች ራሳቸው ስለሚጽፏቸው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲናሪዮዎች)

በዲፓርትመንታችን ስለ ሂስ ስንማር ምሳሌ የምናደርገው ልብ ወለድን፣ ግጥምንና ተውኔትን ነው። ይህ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ትንሽ ወጣ ብዬ፣ ማንም የሥነ ጽሑፍ መምህር በክፍል ውስጥ ስለማያነሳው አንድ የጽሑፍ ዓይነት ላወራ ነው። ይኸውም የጨዋታ ሲናሪዮ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ይታገሰኝ። ሲናሪዮ መገምገም ከባድ የሚያደርገው ነገር የእርስ በርስ ሥራዎቻችንን መገምገም ከባድ ከሚያደርገው ነገር ጋር አንድ ነው ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

ለመሆኑ ነገርየው ምንድን ነው?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተዘጋጅቶ ቲ.ኤስ.አር. በተባለ ትንሽ ድርጅት የታተመ ጨዋታ ነው። የወጣው በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበር። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ ሊሆን ይችላል። መሪው «ከፊታችሁ የተዘጋ የብረት በር አለ፤ ከበስተኋላው የውሃ ድምፅ ይሰማል» ይላል። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚሳካው አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ማሸነፍ መሸነፍ እንደ ካርታ ወይም እንደ ዳማ አይደለም። ሁሉም አንድ ላይ ሆነው አንድ ታሪክ ያወጣሉ፤ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ግን መሪውም ቢሆን አስቀድሞ አያውቅም።

ሲናሪዮ የሚባለው እንግዲህ ለመሪው የሚጻፈው ጽሑፍ ነው። ካርታ አለው፤ በካርታው ላይ ክፍሎቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በየቁጥሩ ሥር ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ (ጭራቅ፣ ወጥመድ፣ ሀብት፣ የሚያናግሩት ሰው) ይጻፋል። ተጫዋቾቹ አያነቡትም። መሪው ብቻ ነው የሚያነበው፤ እነሱ የሚያውቁት እሱ በአፉ የነገራቸውን ያህል ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከየት ተነሣ?

የመጀመሪያው የታተመ ሲናሪዮ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ብላክሙር በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ የወጣው የአርነሰን «የእንቁራሪቱ ቤተ መቅደስ» ነው። ይህ የባለቤቶቹ ሥራ ነው። ነገር ግን ገና በዓመቱ፣ በ1976፣ በሚሺጋን ግዛት የኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ጄኔል ጃክዌይስ ከጓደኞቿ ጋር «ዘ ዳንጀኒር» የምትባል በተጫዋቾች የምትዘጋጅ ትንሽ መጽሔት ጀመረች። በመጀመሪያው እትም ላይ እሷ ራሷ የጻፈችው ሲናሪዮ ወጣ። ልብ በሉ፤ እኛ አሁን ይህን ቡለቲን እንደምናዘጋጀው ማለት ነው። ጃክዌይስ በ1979 ጃጅስ ጊልድ በተባለ አሳታሚ በኩል «የትሬሺያ ዋሻዎች» የሚለውን ሲናሪዮ አወጣች፤ ከዚያም ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ሥራ ገብታ በዚያ ሙያ ብዙ ዓመት ሠርታለች። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. አርፋለች። የትሬሺያ ካርታ ዛሬም ድረስ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ማስተማሪያ ነው፤ ምክንያቱን ከታች አነሣዋለሁ።

ከ1986 እስከ 2007 «ዳንጀን» የተባለው መጽሔት በ150 እትሞች በወረቀት ሲታተም ቆይቷል። በውስጡ የነበሩት ሲናሪዮዎች አብዛኞቹ አንባቢዎች የላኳቸው ነበሩ። በ2000 ደግሞ ጨዋታውን በወቅቱ የያዘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ «ክፍት ፈቃድ» አወጣ። በዚህ ፈቃድ ማንም ሰው የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ተጠቅሞ የራሱን ሥራ አሳትሞ መሸጥ ቻለ። በጥር 2023 ኩባንያው ፈቃዱን ሊለውጥ ነው የሚል ረቂቅ ሾልኮ ወጥቶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው ሐሳቡን ትቶ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ሥር አደረገው። ይህን የማነሣው የሕግ ታሪክ ለመዘርዘር አይደለም። ተጫዋቾች ራሳቸው መጻፍ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። አንባቢውና ጸሐፊው አንድ ሰው ነው። እንግዲህ ገምጋሚውም ያው ነው።

ሂሱን ምን ልዩ ያደርገዋል?

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ከአራት ጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። ብዙውን ጊዜ መሪው እኔ ስለሆንኩ ሲናሪዮ እየፈለግሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት እያሳተምኩ አነባለሁ። አንብቤ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም በአንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ግምገማ የጀመርኩት በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ሂደት የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ሲናሪዮ ሲነበብና ሲጫወቱት ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። ተውኔት የምታጠኑ ይህ አይጠፋችሁም። በወረቀት ላይ ያማረ ቃለ ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ሊሞት ይችላል። የሲናሪዮ ግን ይብሳል። ተዋናይ ቢያንስ ጽሑፉን አጥንቶ ነው የሚመጣው። ተጫዋች ግን ጽሑፉን አያውቀውም፤ በዚያ ላይ እንደፈለገ የመሆን መብት አለው። ጸሐፊው «ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳሉ» ብሎ ሲጽፍ፣ ተጫዋቹ «እኔ ወደ ወንዙ ነው የምሄደው» ካለ በቃ፣ አስር ገጽ ተቃጠለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። መጥፎ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የሚያቃጥለው የራሱን ጊዜ ነው፤ ካልጣመውም አስቀምጦት ይነሣል። መጥፎ ሲናሪዮ ግን አምስት ሰው ቀጥሮ፣ አራት ሰዓት ወስዶ ነው የሚወድቀው። አምስት ሲባዛ በአራት፣ ሃያ የሰው ሰዓት ነው። ሥራ ያለው፣ ፈተና ያለበት፣ ከሩቅ ሰፈር ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ሁሉ አለበት። ስለዚህ ገምጋሚ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ ሲያልፍ ለአንድ ሰው ደግ ሆኖ ለሌሎች አምስት ሰዎች ዋሸ ማለት ነው።

ምን ምን አያለሁ?

ከዚህ የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች በደብተሬ ላይ የተጠራቀሙ ናቸው። ሕግ አይደሉም፤ ለእኔ ግን ሠርተውልኛል።

አንደኛ፦ ተጫዋቾቹ የሚወስኑት ነገር አለ ወይ? ካርታውን እርሳስ ይዤ አያለሁ። ከክፍል 1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ተጫዋቹ የሚመርጠው ነገር የለም። ተጫዋቾች ይህን ዓይነቱን «የባቡር ሐዲድ» ይሉታል። የጃክዌይስ «የትሬሺያ ዋሻዎች» የሚመሰገነው በዚህ ነው። ወደ ዋሻው የሚያስገባው አንድ በር ብቻ አይደለም፤ ፎቆቹም በአንድ ደረጃ ብቻ አይገናኙም። ስለዚህ ሁለት ቡድን ቢጫወቱት የሁለቱ ታሪክ ፍጹም አይመሳሰልም። የመንገዱ መብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት በር አድርጎ ስለ ሁለቱም ምንም ፍንጭ ካልሰጠ ያ ምርጫ ሳይሆን ዕጣ ነው። በአንዱ በር ሥር ጭስ ይታያል፣ ከሌላው ደግሞ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል ከተባለ ግን ተጫዋቾቹ መከራከር ይጀምራሉ። ክርክር ከተነሣ ጨዋታው ሕይወት አለው ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ታሪኩ በአንድ ዳይስ ላይ ተንጠልጥሏል ወይ? ይህ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁበት ነው። ለማስረዳት እኔ ራሴ የፈጠርኩትን ምሳሌ ልስጥ። በአንድ ወፍጮ ቤት ወለል ሥር ምሥጢራዊ መውረጃ አለ እንበል። ቀሪው ታሪክ በሙሉ ያለው ከሥር ነው። ጸሐፊው «በባለ 20ው ዳይስ 15ና ከዚያ በላይ የጣለ ያገኘዋል» ብሏል። ከ20 ቁጥሮች የሚያስገቡት 6 ብቻ ናቸው፤ 30 በመቶ። አራቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ጊዜ ቢሞክሩ እንኳ ሁሉም የመሳታቸው ዕድል 0.7 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ወደ 24 በመቶ ይመጣል። ከአራት ጠረጴዛ አንዱ ላይ ጨዋታው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው። ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለው የጨዋታ ጸሐፊ በ2008 ለዚህ መፍትሔ የሚሆን «የሦስት ፍንጭ ሕግ» ጽፏል፦ ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ለምትፈልገው ለእያንዳንዱ መደምደሚያ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አስቀምጥ። አንዱን ፍንጭ የመሳት ዕድል 40 በመቶ ቢሆን፣ ሦስቱንም አንድ ላይ የመሳት ዕድል 6.4 በመቶ ብቻ ነው። ለወፍጮ ቤቱ ዱቄቱ ላይ የእግር ዱካ፣ የወፍጮው ሠራተኛ የሚለው ነገር፣ ከወለሉ የሚወጣ ቀዝቃዛ ንፋስ ቢጨመር ችግሩ ይቃለላል።

ሦስተኛ፦ የተጻፈው ነገር ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል ወይ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ጋ ነች። ተጫዋቾቹ ጽሑፉን አያነቡም። ስለዚህ የክፉው ንጉሥ አያት በማን እንደተገደለ ሁለት ገጽ ቢጻፍ፣ ያ ነገር በጨዋታው ውስጥ የሚገለጥበት መንገድ ከሌለ ለመሪው ብቻ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ብዙ ሲናሪዮዎች ደግሞ መሪው ጮክ ብሎ እንዲያነበው በሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ገለጻ አላቸው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳየሁት ከሦስት ከአራት ዓረፍተ ነገር በኋላ ሰው ብስኩቱን ማየት ይጀምራል። ገለጻው አጭር፣ የሚታይ፣ የሚዳሰስ መሆን አለበት። ከሁሉም የከፋው «ይህን ስታዩ በፍርሃት ትንቀጠቀጣላችሁ» የሚለው ነው። ኧረ ማን ነገረህ? የሚፈራውን ነገር አሳይ፤ መፍራት አለመፍራቱ የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

አራተኛ፦ መሪው የሚፈልገውን በፍጥነት ያገኛል ወይ? ይህ የአጻጻፍ ሳይሆን የአደራረግ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ወሳኝ ነው። አምስት ሰው እያየህ ገጽ 4 ላይ የተጠቀሰውን ቁልፍ ገጽ 17 ላይ መፈለግ ጨዋታ ይገድላል። በአንድ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ነገር መጀመሪያ መጻፍ አለበት። ዘንዶው በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ከመጣ፣ መሪው ስለ ምንጣፉና ስለ መጋረጃው አውርቶ ሲያበቃ «ለካ ዘንዶም አለ» ይላል። በ2009 የተጀመረው የአንድ ገጽ ሲናሪዮ ውድድር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ካርታው፣ ገለጻው፣ ሁሉም ነገር አንድ ገጽ ላይ ካልገባ አይቀበሉም። አንድ ገጽ ብቻ ሲሰጥህ ስለ ንጉሡ አያት ለመጻፍ ቦታ የለህም።

አምስተኛ፦ ጸሐፊው ምን ለማድረግ አስቦ ነበር? የጋይጋክስ «የአስፈሪዎቹ መቃብር» በ1975 ለውድድር የቀረበ፣ በ1978 የታተመ ሲናሪዮ ነው። በወጥመድ የተሞላ ሆኖ ገጸ ባሕርያትን ያለ ርኅራኄ ይገድላል። «ጨካኝ ነው» ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ ግን የተሠራው የተጫዋቾችን ብልሃት ለመፈተን ነው፤ መመዘን ያለበትም በዚያ ነው። በተቃራኒው በ1983 የወጣው የትሬሲና የሎራ ሂክማን «ሬቨንሎፍት» ዓላማው ድባብ ነው። ቫምፓየሩ ምን እንደሚፈልግና ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች የት እንደተደበቁ በካርታ መሳብ ይወሰናል፤ ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ከሌላው ይለያል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ሐዘን እንጉርጉሮን «አላሳቀኝም» ብሎ እንደ መንቀፍ ነው።

እነዚህን አምስቱን ካየሁ በኋላ ከሁሉ በፊት የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ይህን ሲናሪዮ አንብቤዋለሁ» ወይም «ተጫውቼዋለሁ»። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንብቦ ብቻ የሚጽፍ ሰው ስለ ካርታው፣ ስለ አደራረጉ፣ ስለ ሒሳቡ በእርግጠኝነት መናገር ይችላል፤ «አሰልቺ ነው» ወይም «ያስቃል» ለማለት ግን መጫወት አለበት። አንባቢ የሚያነበው ከየትኛው ገምጋሚ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ለጸሐፊውስ ዕዳ የለብንም ወይ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። እነዚህን ሲናሪዮዎች የሚጽፉት አብዛኞቹ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም። ከ2016 ጀምሮ ዲኤምስ ጊልድ በሚባለው የሽያጭ ቦታ ተጫዋቾች ሥራቸውን ሸጠው ከዋጋው ግማሹን ማግኘት ይችላሉ፤ ግን ብዙው ሰው የሚጽፈው ለፍቅሩ ነው፤ ብዙውም በነጻ ይሰጣል። «በነጻ የተሰጠህን ምን ታማርጣለህ?» የሚሉ አሉ። «የፈረስ ስጦታ ጥርሱ አይታይም» ዓይነት ነገር ነው። ይህ አስተሳሰብ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ቅድም እንዳልኩት ሃያውን የሰው ሰዓት ይረሳል። ሁለተኛ ደግሞ ጸሐፊውን ይንቃል። በነጻ የሠራ ሰው እውነት አይገባውም ማለት «ሥራህ ከቁም ነገር አይቆጠርም» ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በሰው ልፋት የሚሳለቁ ገምጋሚዎች አሉ። ቀልዳቸው ይነበባል፤ ሰውም ይስቃል። ጸሐፊው ግን ከዚያ ምን ይማራል? «አይረባም» የሚለው ቃል ምን መስተካከል እንዳለበት አይናገርም። ከዚህ የተነሣ እኔ አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ፦ የጻፍኩትን ነቀፌታ ጸሐፊው አንብቦ ነገ ጠዋት ሊሠራው የሚችለው ነገር አግኝቷል ወይ? «ገጽ 6 ላይ ያለው በር ሁለተኛ መግቢያ ያስፈልገዋል» ከሆነ አዎ። «ምናብ የለህም» ከሆነ አይደለም፤ ይሰረዛል።

አንድ ጓደኛዬ (ስሙን ባልጠራው ይሻላል፤ ይህን ቡለቲን ያነባል) 31 ገጽ የሆነ ሲናሪዮ ጽፎ ሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹ 9 ገጾች የአንድ የፈረሰ ከተማ ታሪክ ነበሩ። ቋንቋው ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ታሪክ ውስጥ አንዱም ነገር በካርታው ላይ አልነበረም። ማንም ተጫዋች ሊያውቀው አይችልም። ይህን ነገርኩት፤ የገጹን ቁጥር እየጠቀስኩ። ፊቱ ተለወጠ። «ታሪኩን አውጣ እያልከኝ ነው?» አለኝ። «አላልኩም፤ ሰው የሚያገኝበት ቦታ አድርገው ነው ያልኩት» አልኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ስለ ጉዳዩ አላነሣልኝም። እኔም ጓደኝነታችንን ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በነዚያ ቀናት «ጥሩ ነው» ብዬ ብተወው ምን ነበረበት እያልኩ አስቤያለሁ።

ከዚያ 14 ገጽ ይዞ መጣ። ታሪኩን አላጠፋውም። ከከተማው ዳር አንድ የመቃብር ቦታ ጨምሮ በየሐውልቱ ላይ ስምና አንድ አንድ መስመር ጽፎበታል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንጫወት ከተጫዋቾቹ አንዷ ሐውልቶቹን አንድ በአንድ እያነበበች የሁለት ወንድማማቾችን መሞቻ ቀን አነጻጽራ «እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን ነው የሞቱት፤ ወረርሽኝ አይደለም፣ ተገድለዋል» አለች። ጓደኛዬ ምንም አላለም፤ ግን ፊቱን አይቻለሁ። ያ ነገር በፊት ገጽ 5 ላይ ተጽፎ ማንም የማያየው ዓረፍተ ነገር ነበር። ሲናሪዮው ሙሉ በሙሉ ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። የመጨረሻው ክፍል አሁንም ሐዲድ ነው፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ አልተስማማንም። ክርክራችን እስካሁን አለ።

እንደ ማጠቃለያ

በሴሚናር ክፍላችን አንድ ሰው ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ ሲያነብ የምንሰጠውን አስተያየት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይ «በጣም ደስ ይላል፣ በርታ» ነው፤ ወይ ዝምታ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአንድ ጥግ ስላቅ ይመጣል። ሦስቱም ለጸሐፊው ምንም አይጨምሩም። የጨዋታ ሲናሪዮ ገምጋሚዎች ከእኛ የተሻሉ ምሁራን ስለሆኑ አይደለም ይህን ሁሉ ያወራሁት። ጽሑፉ በቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሚውልና ካልሠራ ወዲያው ስለሚታወቅ፣ ሳይወዱ በግድ ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቅ ስለሚለምዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ለማን ነው? ያ ሰው እጅ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? የት ላይ ይሰበራል? እንዴት ይጠገናል?

በሚቀጥለው ሴሚናር አስተያየት ስትሰጡ ቢያንስ አንዱን ሞክሩት እላለሁ፦ ገጹን ጥሩ፣ የተሰበረበትን አሳዩ፣ ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነገር ተናገሩ። ፊቱ ቢለወጥም ሁለት ሳምንት ጠብቁት።

ሲናሪዮ ማየት ወይም መጫወት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ወንበር አናጣም። ዳይስ እኛ እናበድራለን።